ግመል አሳልፎ ፍየል የሚከለክል በር

[ምስል፦ ሰኞ ረፋድ፣ ባቲ ገበያ]

ሰኞ ነው። የባቲ ገበያ ደርቷል። ግመሉም ፍየሉም ይተራመሳል። እስቲ እዚህ መሀል አንድ በር አስቡ። ግመሉን ያሳልፋል፤ ፍየሏን ይመልሳል። ትልቁ እያለፈ ትንሿ እንዴት ትከለከላለች?

እንዲህ ያለ በር ጭንቅላታችን ውስጥ አለ። የፖታሲየም ቻናል ይባላል። የአንጎል ሴል ሽፋን ላይ የተተከለ፣ መሀሉ ቀዳዳ ያለው ፕሮቲን ነው። ፖታሲየምና ሶዲየም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ማለትም አዮኖች ናቸው። 10,000 ፖታሲየም ሲያልፍ ከፖታሲየም የሚያንሰው ሶዲየም ቢያመልጥ አንድ ገደማ ነው።

[አኒሜሽን፦ ሁለት አዮኖች፣ ውሃ ለብሰው]

ምስጢሩ ውሃው ነው። ሁለቱም ውሃ ለብሰው ነው የሚሄዱት፤ ልክ እንደ ጋቢ። ከደሴ ብርድ ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው ጋቢውን የሚያወልቀው ሙቀት ሲያገኝ ነው አይደል? የቻናሉ ቀዳዳ ዙሪያውን ኦክስጅን አቶሞች ቆመዋል። ርቀታቸው ለፖታሲየም ልክክ ያለ ነው። ውሃው እንዳቀፈው ያቅፉታል፤ ጋቢውን ጥሎ ይገባል። ሶዲየም ግን ትንሽ ስለሆነ በደንብ አይደርሱበትም። ጋቢውን አያወልቅም፤ እንደለበሰ ደግሞ በሩ ይጠበዋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሮደሪክ ማኪነን እ.ኤ.አ. በ1998 የአንድ ባክቴሪያን ቻናል ቅርጽ በኤክስሬይ አውጥቶ ይህን አሳየን። በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። እኔ ስዕሉን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል።

[አኒሜሽን፦ ሴሉ ሲነሳና ሲረጋ]

ይህ በር ለአንጎል ምን ይሠራል? ሴሉን ያረጋጋል። ሴሉ ሲያርፍ የውስጡ ኤሌክትሪክ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ይላል። መልእክት ሲመጣ ሶዲየም በራሱ በር ይገባና ሴሉ ይነሳል። ወዲያው ፖታሲየም ይወጣል፤ ሴሉ ይረጋል። አንዳንዱ የፖታሲየም በር ፈጣን ነው። አንዳንዱ ቀስ ብሎ ተከፍቶ ሴሉ ደጋግሞ እንዳይተኩስ ልጓም ይሆናል።

ልጓሙ ሲላላስ? ኬሲኤንኪው2 የሚባለው ዘረመል ከእነዚህ ዘገምተኛ በሮች አንዱን ይሠራል። ዘረመሉ ሲበላሽ አንዳንድ ጨቅላ በተወለደ በቀናት ውስጥ ያንቀጠቅጠዋል። የሚጥል በሽታ ሁሉ ከዚህ በር አይመጣም። ግን ይህኛው ልክፍት አይደለም፤ በር ነው።

[ምስል፦ መንገድ ዳር የወደቀ ወጣት፣ ሰው ከቦት]

እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ሰው ሲወድቅ ክብሪት አትጫሩ። መንካትም አትፍሩ፤ አይተላለፍም። አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት አድርሱት። እስከዚያ ግን ጋቢያችሁን አጥፋችሁ ከጭንቅላቱ ሥር አድርጉለት።