ስኳሩም ድምፁም በአንድ እጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ስለ ደርግ ዘመን ሲነሣ ስለ ቀይ ሽብርና ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ሊባል ይገባዋል። እኔን ሰሞኑን ይዞ አልለቅ ያለኝ ግን የቀበሌ ሱቁ ነው።

ያኔ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ጤፉ በቤተሰብ ብዛት እየተሰላ በካርድ ይታደላል። እናቴ “ስኳር መጥቷል” ሲባል ከሰማች የጣደችውን ወጥ አውርዳ ትሮጣለች። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስም የብዙ ድሃ ኪራይ ቀንሷል። ልጆቹን በዚያ ኪራይና በዚያ ስኳር ያሳደገ ሰው ዘመኑን በደግ ቢያነሣ አልፈርድበትም።

ካርዱን የሚሰጠው ግን ማን ነበር? ቀበሌው። ቤቱን የሚያከራየው፣ መታወቂያ የሚያወጣው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ የሚመለምለው፣ በስብሰባ ስም የሚጠራውም ያው ቀበሌ። ከስብሰባ የቀረ ራሽኑ ሊያዝበት ይችላል። “የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ” ሲባል፣ የወሩን ስኳር እያሰበ እጁን የማያወጣ አባወራ ከየት ይመጣል?

ገጠር ደግሞ ይብሳል። የገበሬውን እህል የሚገዛው የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዋጋውን ራሱ ይተምናል፤ ኮታው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ይወርዳል። ዝናብ ቢቀር፣ አዝመራው ቢበላሽ፣ ኮታ ኮታ ነው። ስለዚህ ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ አራሹ እህል ገዝቶ መንግሥትን ሲቀልብ! በየመንገዱ ያለው ኬላ ደግሞ እህል ከተረፈው አገር ወዳጣው አገር እንዳይሄድ ያግዳል። ጤፍ እንደ ኮንትሮባንድ ከተሳፋሪ ጓዝ ሥር ተደብቆ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ለ1977ቱ ረሃብ ድርቁም ጦርነቱም ምክንያት ናቸው፤ ኬላው ግን አባሰው ብዬ አምናለሁ።

የካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ገበሬው ምን አደረገ? መመሪያ እስኪወርድ አልጠበቀም። መልባና ወልባ የሚባሉትን የአምራቾች ማኅበራት በወራት ውስጥ እያፈረሰ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈለ። ለእኔ በዚያ ዘመን ገጠሩ በነፃነት የሰጠው ድምፅ ይህ ነው፤ ኮሮጆም ታዛቢም አልነበረውም።

ከዚያ ግንቦት 1983 መጣ። ሱቁ ሞላ፣ ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጣ በየአስፋልቱ ዳር ተዘረጋ። ያን ደስታ ማንም እንዲያቃልልብኝ አልፈልግም። ነገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ብሎ አጸናው። የቀበሌ ቤት የቀበሌ እንደሆነ ቀረ። የገበሬው ማዳበሪያና ብድር በዚያው በአስተዳደሩ መስመር ያልፋል። በ2003 የዋጋ ጣሪያ ወጥቶ ስኳርና ዘይት እንደገና በሸማቾች ማኅበር ሲታደል፣ እናቴ ማንም ሳይነግራት ሰልፉን አወቀችው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ሌሊት ተነሥቶ ለምርጫ ሲሰለፍ ያየ ሰው፣ ይህ ሕዝብ ዴሞክራሲ አይገባውም ሊል አይችልም። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2007 የያኔው ገዢ ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን ወንበር በሙሉ ጠቀለሉ። ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲያ ሐሳቡን ለወጠ? ማዳበሪያ የሚሰጥህና ማንን እንደመረጥህ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ሰው ከሆነ፣ የምስጢር መምረጫ ክፍሉ መጋረጃ ምን ያህል ይከልልሃል?

በቀጣዩ ክፍል ይህን ከሌላው ወገን መስማት እፈልጋለሁ። ያኔ በቀበሌ ሱቅ ሚዛን ላይ የቆማችሁ፣ ወይም የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆናችሁ ኮታ የደለደላችሁ ካላችሁ፣ ድምፃችሁን ቀርጻችሁ ላኩልኝ። ልከሳችሁ አይደለም። ኮታው ከላይ ሲመጣ፣ የጎረቤታችሁን ጎተራ እያወቃችሁ፣ በምን እንደወሰናችሁ ንገሩኝ።