ላት የሌለው በግ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የፊደል ገበታ ዘርግቼ እያየሁ ነው የማወራችሁ።

አንዱን ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ከመንገድ ላይ ገዛሁት። ያብረቀርቃል። በየፊደሉ ሥዕል አለው። ሌላው የራሴ ነው፤ እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ካርቶን ላይ የተለጠፈ፣ ጥቁርና ቀይ ብቻ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው።

በአዲሱ ጀመርን። «በ» ላይ ስንደርስ «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «ደመና» አለች። አልፈረድኩባትም። ነጭ ጥቅልል ጸጉር፣ ጥቁር ፊት፣ አራት ክብሪት የሚያክሉ እግሮች። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ በግ ነው። ላቱስ? ለፋሲካ ሰው በግ ሲገዛ ዳብሶ ዋጋ የሚከራከርበት ላቱ አይደል እንዴ? ቤት ብለው ያስቀመጡት ደግሞ ጣሪያው ላይ በረዶ ተከምሯል። ልጅቷ በረዶ የምታውቀው ከቆርቆሮ ላይ ሲንጣጣ ነው።

አሮጌው ገበታ አንድም ሥዕል የለውም። ግን እንደ እሱ የታሰበበት ወረቀት በእጄ የያዝኩ አይመስለኝም። 33 ረድፍ ወደ ታች፣ 7 ወደ ጎን፣ በድምሩ 231 ፊደል። በልጅነቴ ይኼ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር። አሁን ሳየው ግን አቀማመጡ ራሱ አስተማሪ ነው። «በ»ን ይዛችሁ ወደ ጎን ሂዱ። ካዕቡ ማለትም ሁለተኛው ላይ ከወገቡ ቅጥያ ይወጣል። ሣልሱ ላይ ቅጥያው ወደ እግር ይወርዳል። ራብዑ ላይ ቀኝ እግሩ ይረዝማል። ኃምሱ ቀለበት ያደርጋል። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ታች አውርዱ፤ ያው ቅጥያ፣ ያው ቀለበት፣ አምዱን ተከትሎ ይወርዳል። ማንም ሳይነግረው ልጁ ሕጉን በዓይኑ ያገኘዋል።

የግዕዙ ማለትም የመጀመሪያው አምድ በቀይ ነው የታተመው። ይኼ እንዲሁ ለማሳመር አይደለም። በብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም የራሱ ቦታ አለው፤ የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል፣ የምዕራፍ መጀመሪያ ይጻፍበታል። ገበታውም «መነሻህ እዚህ ነው» የሚለው በዚያው ቋንቋ ነው። የፊደሉ ቅርጽም ከዚያው ነው የመጣው። ቁም ጽሕፈት የሚጽፉ ሰዎች በመቃ ብዕር ሲጽፉ አይታችሁ ከሆነ፣ ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። እግሩ ወፍራም፣ ማገናኛው ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው።

የፊደል ገበታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋን ስም ነው። ስንቱ ሰው እሳቸው ባሳተሙት ፊደል ማንበብ ለምዷል። የኔ ገበታ አሳታሚው የተጻፈበት ጥግ ተቀድዷል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፤ ሆዴ ውስጥ ስለቆየ ነው። አምና የአንድ ጓደኛዬን የሠርግ ካርድ ለማሳተም አብሬው ሄድኩ። ማተሚያ ቤቱን አልጠራም። የሙሽሮቹ ስም ገጹን አልሞላ ሲል ልጁ በማውሱ ይዞ ፊደሉን እንደ ማስቲካ ጎተተው። በቃ፣ እግሩም ማገናኛውም እኩል ወፈረ። «መ» ሁለት ጎማ መሰለች። «ሌላ ፎንት የለም?» ስለው «ሁሉም ያው ነው» አለኝ። ሁሉም ያው አይደለም! ጓደኛዬ ግን ቸኩሎ ነበር፣ ታተመ። ከላይ የነበረው የሐረግ ጌጥ ያምር ስለነበር እሱን እያየሁ ተጽናናሁ።

ይኼ ነገር ወደ ድሮው የአንድ ብር ኖት ወሰደኝ። ፊት ለፊቱ ያለውን ልጅ ታስታውሱታላችሁ? ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይና ሁለቱ ወፎች። ስንት ዓመት በእጃችን ሲያልፍ ቆይቶ፣ እኔ ወፎቹን አተኩሬ ያየሁት ብሩ ሳንቲም ከሆነ በኋላ መጽሐፍ ውስጥ ተረስቶ ሳገኘው ነው። በቀጫጭን መስመር፣ ላባው ሳይቀር። በታክሲ ረዳት ጣት መሐል ስንቴ ታጥፎ አይቼው ይሆን?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። አሮጌውን ገበታ ጭኗ ላይ አደረኩላት። ስንጥርም ሰጠኋት፣ እኛ እንደተማርነው። አምዱን እየነካች ወረደች። «ሁ፣ ሉ፣ ሑ፣ ሙ፣ ሡ።» «ሩ» ላይ ስንጥሩ ቆመ።

«ይኼ ለምን እንደ ሌሎቹ አልሆነም?»

ልብ በሉ፣ ካዕብ የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አልነገራትም። እኔም መልስ አልነበረኝም። «እሱ እንደዚያ ነው» ብዬ አለፍኩ፤ የኔታም እንደዚያ ነበር የሚሉን።

አሁን ሁለቱም ገበታ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። በጉ ላይ በእስክሪብቶ ላት ጨምሬለታለሁ። ሥዕል ላይ እጄ ደህና አይደለም። አየችውና «ሦስተኛ ጆሮ ነው?» አለችኝ።