ደረሰኙ ላይ የወጣው «ኦብጀክት ኦብጀክት»

(ስክሪኑ ላይ፦ የተጨማደደ የካፌ ደረሰኝ)

እስቲ ይህን ደረሰኝ እዩት። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ላለ አንድ ትንሽ ካፌ የማዘዣ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አስተናጋጇ ወረቀቱን ይዛ መጣችና «ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ማኪያቶ» ይላል። ዋጋው ቦታ ላይ ደግሞ በካሬ ቅንፍ «ኦብጀክት ኦብጀክት»። ሰውዬው ስንት ይክፈል?

ጥፋቱ የኔ ነው። ዋጋውን ቁጥር ብቻ አላደረግኩትም፤ 90 የሚል መጠንና «ብር» የሚል ቃል አንድ ላይ የያዘ ኦብጀክት፣ ማለትም የመረጃ ጥቅል፣ ነው። ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ኦብጀክትን ወደ ጽሑፍ ቀይር ሲባል ውስጡን ገልጦ አያነብም። ቱስትሪንግ የሚባለውን ፋንክሽን (ሲጠራ መልስ የሚሰጥ የኮድ ቁራጭ) ይጠራል። የራሳችሁን ካልጻፋችሁለት የተወረሰውን ያገኛል፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው ይህችኑ ሁለት ቃል ነው። (ሁለተኛዋን ቃል ብቻ የሚቀይር ሲምቦል ቱስትሪንግታግ አለ፤ ለደረሰኝ ግን አይረባም።)

(ስክሪኑ ላይ፦ ክላሱ ውስጥ ቱስትሪንግ ይጻፋል)

ቱስትሪንግ ጻፍኩለት፤ «90 ብር» እንዲመልስ። መስመሩ ተስተካከለ። ማኪያቶዬን ጨልጬ የአራት ኪሎ ታክሲ ያዝኩ። የድምሩን መስመር ዞር ብዬ አላየሁትም።

ማታ ተደወለ። የማኪያቶና የሻይ ድምር «90 ብር40 ብር» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመደመሪያ ምልክቷ ኦብጀክት ሲገጥማት መጀመሪያ የምትጠራው ቫልዩኦፍ የሚባለውን ሌላ ፋንክሽን ነው። ቫልዩኦፍ ካልተነካ ያንኑ ኦብጀክት መልሶ ይሰጣታል። ያ ስለማይሆናት ወደ ቱስትሪንግ ትዞራለች። አንዴ ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ መደመሩ ቀርቶ መለጠፍ ይሆናል። ቫልዩኦፍ መጠኑን እንዲመልስ አደረግኩ፤ ድምሩ 130 ሆነ።

ተገላገልኩ ስል፣ «ዋጋ፦» ከሚለው ጽሑፍ ጋር በመደመሪያ ያያያዝኩት ቦታ ሁሉ «ብር» የምትለዋ ጠፋች። 90 ብቻ።

(ስክሪኑ ላይ፦ ሁለት መስመር ጎን ለጎን)

አንድ ኦብጀክት፣ ሁለት መልስ። በመደመሪያ ሲያያዝ ቫልዩኦፍ ይቀድማል። በባክቲክ (` በምትባለው የጥቅስ ምልክት) ውስጥ፣ በዶላር ምልክትና በቅንፍ ሲገባ ቱስትሪንግ ይቀድማል። ስለዚህ የሚታተመውን ሁሉ ወደ ባክቲክ ቀየርኩት።

ሁሉንም አንድ ቦታ መወሰን ካማራችሁ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲምቦል ቱፕሪሚቲቭ የሚባል ፋንክሽን አለ። እሱ ካለ ሌሎቹን ሁለቱን የሚጠይቃቸው የለም። ፋንክሽኑ ሂንት፣ ማለትም ምን ዓይነት መልስ እንደሚፈለግ የሚጠቁም ቃል፣ ይቀበላል፦ ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ነምበር (ቁጥር) ወይም ዲፎልት (ያልተለየ)። የመደመሪያዋ ሂንት ዲፎልት ነው። ለእሷ ምን ይመለስ? የጃቫስክሪፕት የቀን ኦብጀክት፣ ዴት፣ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ቀን ላይ 1 ስትደምሩ ረጅም ጽሑፍ ጭራው ላይ 1 ተለጥፎበት የሚመጣው ለዚህ ነው። ለገንዘብ ግን እኔ ቁጥር ነው የምለው። «ብር» የምትለዋ ብትቀር ያስቃል፤ ድምር ሲጎድል ከአስተናጋጇ ኪስ ነው የሚወጣው።

ወደ ሰርቨር ስትልኩት ደግሞ ሌላ ነው። ኦብጀክትን ለመላክ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ጄሰን ስትሪንጊፋይ ከእነዚህ አንዱንም አይጠራም፤ ቱጄሰን ከጻፋችሁለት እሱን ይጠራል።

(ስክሪኑ ላይ፦ ያው ደረሰኝ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ)

በማግስቱ ስሄድ ያችን ወረቀት ባንኮኒው ጀርባ ለጥፋታለች። ገና ሳልቀመጥ፣ «ዛሬስ ምን ላምጣልህ?» አለችኝ፤ «ኦብጀክት?»