ከረባትና ድብብቆሽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ከረባት ነው። አትሳቁ።

ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። ኬጂ እያለ ከረባቱ ላስቲክ ነበረው፤ በጭንቅላት ማጥለቅ ነው፣ አለቀ። አሁን ግን የሚታሰረው መጣ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ ልጁ ፊት ተንበርክኬ እታገላለሁ። እንቢ አለኝ። የራሴን ዓይኔን ጨፍኜ አስራለሁ፤ ፊት ለፊት ሲሆን ግን ቀኙ ግራ ሆነብኝ። በመጨረሻ ራሴ አንገት ላይ አስሬ፣ አላልቼ አውልቄ አጠለቅኩለት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔንም ያስተማረኝ የለም። አባቴ ሁለት ከረባት ነበረው። አንዱ የሠርግ፣ አንዱ ጥቁር፣ የለቅሶ። ሁለቱም እንደታሰሩ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ይሰቀላሉ። ማን እንዳሰራቸው እንጃ፤ ሲፈቱ ግን አይቼ አላውቅም። እኔም ጓደኛዬን ሚዜ የሆንኩ ቀን፣ ከመሀላችን የሚችለው አንድ ልጅ ነበር። ተሰልፈን በየተራ አሰረልን። እንደ ክትባት! በኋላ ነው ከዩቲዩብ የለቀምኩት።

ማክሰኞ ማታ ዘዴ ቀየርኩ። ከኋላው ቆምኩ፣ ሁለታችንም መስታወት ፊት። እጆቼን በትከሻው ላይ አሳለፍኩ። ያን ጊዜ የኔ ቀኝ የሱም ቀኝ ሆነ። ሰፊውን ጫፍ ከቀጭኑ በደንብ ዝቅ አድርገን ጀመርን። በቀጭኑ ላይ ማለፍ፣ ከኋላ መዞር፣ እንደገና በፊት ማለፍ፣ ከሥር በአንገት በኩል ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያ ፊት ለፊት በተሠራው ቀዳዳ ወደ ታች መግባት። ይኼን በአፍ ሳስረዳው ፈዞ አየኝ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ራሱ፣ «አሃ! ድብብቆሽ ነው» አለ። ትልቁ ዞሮ ዞሮ ቀዳዳው ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ በኋላ የኔን ማብራሪያ የሚሰማ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት የካምብሪጅ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ከረባት በስንት ዓይነት እንደሚታሰር በሒሳብ አስልተው ነበር። 85! እኛ ቤት አንዷ ትበቃናለች።

«ግን ለምንድን ነው የሚታሰረው? አይሞቅ፣ ምን አይል» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ልክ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ የተዋጉ የክሮኤሺያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ ነበር፤ ፈረንሳዮቹ ወደዱትና ፋሽን አደረጉት፣ ስሙም ከነሱ መጣ አልኩት። ልጁ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ወታደር» የምትለዋን ብቻ ነው። ረቡዕን ሙሉ ሰላምታ ሲሰጠኝ ዋለ።

አርብ ጠዋት ብቻውን አሰረው። ቋጠሮው ወደ ጆሮው ዞሯል፣ ቀጭኑ ጫፍ ከሰፊው በስንዝር ይበልጣል። እጄ በላችኝ። ቀጭኑን ሸሚዙ ውስጥ ወሸቅኩለትና ዝም አልኩ።

ማታ ክፍሉ ስገባ ከረባቱ እንደታሰረ የበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። ማን አሳየው? አያቱን እንኳ አላወቀውም። ሰኞ እንዲለማመድ ብዬ ልፈታው ስል ከአልጋው ተነስቶ ጮኸ።

«አባ፣ ተው! ሰርቪስ ያመልጠኛል!»