ጉዞን የመሰረዝ ሥልጣን ለማን ይሰጥ?

በሱሉልታ፣ ከክረምቱ መግቢያ በፊት በተደረገ የተራራ ተጓዦችና የአሽከርካሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሽሮ ሜዳና ከዚሁ ከሱሉልታ የመጣችሁ አሽከርካሪዎች፣ እንጦጦን ከሁላችንም አስቀድማችሁ የምታውቁት እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወጣቶች፦

በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ እንዲህ የምንሰበሰበው የክረምቱን የጉዞ መርሐ ግብር ለመነጋገር ነው። ዛሬም ስለ ልብስ፣ ስለ መንገድና ስለ ስልክ እንድናገር ተጠይቄአለሁ፤ ስለ እነርሱም ጥቂት እላለሁ። ነገር ግን ከቤቴ ስነሣ በልቤ ይዤው የመጣሁት ጉዳይ ሌላ ነው። ከባድ ዝናብና በረዶ እንደሚመጣ ትንበያው እየነገረን፣ ገንዘብ ተሰብስቧልና ጉዞው አይቀርም የምንልበት ልማድ በዚህ ክረምት እንዲያበቃ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ የጉዞ አዘጋጅ፣ ስሙን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም፣ ብዙ ወጣቶችን በሚኒባስ ጭኖ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ አወረደ፤ እኔም መንገድ እንድመራ ተጠርቼ አብሬ ነበርሁ። በዋዜማው ምሽት በመካከለኛው የአገሪቱ ደጋ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅ ተነግሮ ነበር። ጠዋት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከተማው ከታች ቁልጭ ብሎ ይታይ ስለ ነበር፣ ትንበያውን ሳነሣበት አዘጋጁ ወደ ላይ እያመለከተ «የት አለ ደመናው?» አለኝ።

ስድስት ሰዓት ገደማ እንጨት ለቃሚ እናቶች ሸክማቸው ሳይሞላ ቁልቁል ሲጣደፉ አገኘናቸው። አንዷ እናት ቆም ብለው «ልጆቼ፣ ተመለሱ፤ ይኸ ደመና ዛሬ አይምረንም» አሉን። ያንን ዳገት ጀርባቸውን አጉብጠው ዕድሜ ልካቸውን የተመላለሱበት ሰው የተናገሩት ቃል ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል? እኔም አዘጋጁን እንመለስ ስለው፣ ምሳው እንደ ተከፈለ፣ ፎቶ አንሺውም ከላይ እንደሚጠብቅ፣ አሁን ከተመለስን ሰዎቹ ብራቸውን እንደሚጠይቁት ነገረኝ። ስለ ደመናው አንድ ቃል እንኳ አልወጣውም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በረዶው ወረደ። ሽምብራ የሚያህል በረዶ ከነፋስ ጋር ፊት ፊታችንን ይመታን ጀመር፤ ሣሩ በደቂቃዎች ውስጥ ነጣ፤ መንገዱ ጠፋ። ወጣቶቹ መብረቅ እያጓራ ወደ ባሕር ዛፍ ሥር ሮጡ፤ ከዚያ ለማስወጣት መጮኽ ነበረብኝ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ስስ የጥጥ ሸሚዝ ለብሳ፣ የሸራ ጫማ ተጫምታ ነበር። የቦርሳዋን ዚፕ ይዛ ትታገላለች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋታል። ስንጠይቃት ንግግሯ ይጎተታል፤ ቀድሞ ያንቀጠቅጣት የነበረው ብርድ ሳይለቃት መንቀጥቀጧ ቆመ። ይህን ምልክት ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ማሽቆልቆል ሲቀጥል፣ መንቀጥቀጡ የሚቆመው ሰውየው ስለ ተሻለው ሳይሆን አቅሙ ስላለቀ ነው። አንዱ አረቄ አውጥቶ ሊያጠጣት ሲል ከለከልሁት፤ አረቄ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የቀረውን ሙቀት ያወጣዋልና። በአቅራቢያው የሚኖሩ የደን ጠባቂ ቤታቸውን ከፈቱልን፤ ርጥብ ልብሷን አውልቀን በእርሳቸው ጋቢ ጠቀለልናት፤ ማንቀጥቀጡ ሲመለስላትና ሻዩን በራሷ እጅ ስትይዝ እግዚአብሔርን አመሰገንን። አዘጋጁ በማግሥቱ ለተጓዦቹ በጻፈው መልእክት «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ ጠራው። ወገኖቼ፣ በዋዜማው ምሽት ለአገር ሁሉ የተነገረ፣ በቀትር በአንዲት እናት አፍ የተደገመ ነገር እንዴት ነው ድንገተኛ የሚሆነው?

የጠዋት ሰማይ በክረምት ምስክር አይሆንም። ፀሐይዋ ርጥቡን ምድር ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ተራራው ደግሞ ነፋሱን ገፍቶ ያወጣዋል፤ ደመናው ከእኩለ ቀን በኋላ ኪሎ ሜትሮች ወደ ላይ ይቆለላል፤ በውስጡ ያለው ወደ ላይ የሚነፍስ ኃይለኛ አየር የውኃውን ጠብታ ደጋግሞ ወደ ብርዱ እያነሣ በረዶ ያደርገዋል። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከመስቀል አደባባይ ጋር ሲነጻጸር 800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። በዚህ ብቻ ከከተማው 5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ነፋስና ርጥብ ልብስ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

በረዶ ለወራት የሚተኛባቸው አገሮች ይህን ትምህርት በብዙ ሕይወት ከፍለው አግኝተውታል። በአሜሪካ፣ ብዙ ዘመዶቻችን በሚኖሩባት በዴንቨር ዙሪያ፣ የበረዶ ማዕበል ሲመጣ የአየር ጠባይ አገልግሎቱ አስቀድሞ በየደረጃው ያስታውቃል፤ ተራራውን የሚያቋርጠው አውራ ጎዳናም አስፈላጊ ሲሆን በባለሥልጣን ትእዛዝ ይዘጋል። መኪና ያለው ሁሉ ይናደዳል፤ መንገዱ ግን ተዘግቶ ይቆያል። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ደግሞ የበረዶ ናዳ ስጋት ከ1 እስከ 5 በሆነ ደረጃ ይነገራል፤ በዚያ ብዙ ሰው የሚሞተው 5ኛው ደረጃ በታወጀበት ቀን ሳይሆን፣ 3ኛው ደረጃ ባለበት ቀን ነው። 5ኛው ደረጃ ሲታወጅ ሰው ሁሉ ቤቱ ይውላል፤ 3ኛው ሲሆን ግን ይከራከራል፣ ይወጣል። የእኛም ትንበያ «በአንዳንድ ቦታዎች» ሲል እያንዳንዳችን ያ አንዳንዱ ቦታ የሌላው ሰው ተራራ ይመስለናል። ስለዚህ እላለሁ፤ የሚጎድለን ማስጠንቀቂያ አይደለም! የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይናገራል፤ እናቶቻችን ይናገራሉ። የሚጎድለን ቃሉን ሰምቶ «ዛሬ አንወጣም» የሚል፣ በማለቱም ከኪሱ አንድ ሳንቲም የማይጎድልበት ሰው ነው። ትርፉ በጉዞው ላይ የተንጠለጠለ ሰው በጉዞው ላይ ዳኛ ሊሆን አይገባም።

ይህን የምለው ለተጓዡ ብቻ አስቤ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ ሲቆፍሩ በሁለተኛው የተቀበሩ ናቸው። እነዚያ ለመዝናናት የወጡ አልነበሩም፤ በገዛ መንደራቸው ነው የሞቱት። እኛ ግን ለመዝናናት፣ በምርጫችን ወጥተን ስንጠፋ፣ ሊፈልገን የሚመጣውን የደን ጠባቂና የገበሬ ልጅ ሕይወት ያለ ፈቃዱ እናስይዛለን። ይህ መብት ማን ሰጠን?

ለአሽከርካሪዎች አጭር ቃል አለኝ። በረዶ በወደቀበት አስፋልት ጎማ አይይዝም፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ፍሬን ላይ ከመቆም አስቀድማችሁ ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ አንደኛ ማርሽ አውርዱ። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት አታብሩ፤ መልሶ ዓይናችሁን ይጋርዳል። መንገድ ያቋረጠ ጎርፍ 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል፤ የቀበና ወንዝ ከዚሁ ተራራ እንደሚነሣ ታውቃላችሁ፣ ከላይ የዘነበው ታች ሳይዘንብ ይደርሳል።

ለተጓዦች፦ ከጥጥ ይልቅ ሱፍ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቅያሪ ልብስ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ። ነጎድጓድ ከተሰማ ከጠርዝ ውረዱ፤ ከዛፍ ራቁ፤ በሩ የተዘጋ መኪና ወይም ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

አሁን ወደ ጠየቅሁት ነገር ልምጣ። ማኅበራችን በስሙ የሚደረግ ማናቸውንም የክረምት ጉዞ የሚሰርዝ፣ ከአዘጋጆቹም ሆነ ከመኪና ባለቤቶቹ ጋር የገንዘብ ግንኙነት የሌለው አንድ ሰው ከነተተኪው ዛሬ እንዲመርጥ አሳስባለሁ። ይህ ሰው በዋዜማው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ትንበያውን አይቶ ይወስናል፤ ቃሉም ይግባኝ የለውም። ጉዞው ከተሰረዘ የተከፈለው ብር ወይ ይመለሳል ወይ ለሌላ ቀን ይዛወራል፤ የአሽከርካሪውን የቀን ገቢ ግማሽ ደግሞ ከማኅበሩ መዋጮ እንሸፍናለን፤ ኪሳራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅና ማንም በችግር ምክንያት መኪናውን አስነሥቶ እንዳይወጣ። ከተራራው ላይ ሆኖ መሪው «እንመለስ» ካለም እንዲሁ ይሁን።

ሰብሳቢያችን ይህን ሐሳብ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ለድምፅ እንዲያቀርቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።