የቱን ልጻፍ?

እሺ፣ ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ርዕስ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። አንድ ነገር ጭንቅላቴን ይዞታል።

«ዳኛዋ» የምላትን ታውቋታላችሁ፣ የስኳር ሕመም ያለባትን የእህቴን ልጅ። ለወንድሟ ብርቱካን ልጣ ሰጠችው፤ እሷ አልበላችም። ከምሳ በፊት የደም ስኳር መለኪያዋን አወጣች። ስትሪፑን፣ ደም የሚነካውን ቀጭን ቁራጭ፣ ሰካች፤ ጣቷን በጎን በኩል ወጋች፣ ደሙን አስነካች። 264፤ ከፍ ያለ ነው።

ዝም አለች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ተነሥታ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በደንብ አደረቀች፣ ሌላ ጣቷን ወጋች። 131።

በደቂቃዎች ልዩነት፣ አንድ ልጅ፣ ሁለት ቁጥር። እንዴት እንደኮራሁባት! በዚያ 264 ተመርታ ስኳር የሚያወርደውን የማስተካከያ ኢንሱሊን ብትወጋ ኖሮ ስኳሯ የት ይወርድ እንደነበር አስቡት። ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ይህን ያህል ያሳስታል፤ መለኪያው የሚፈልገው የደም ጠብታ በጣም ትንሽ ስለሆነ እዚያ ላይ የተቀላቀለ ስኳር ሁሉ ይቆጠራል። በአልኮል መጥረግም ሁልጊዜ አያጠፋውም፤ ውኃና ሳሙና ነው። እጅ ሳይደርቅ ከተለካ ደግሞ ውኃው ደሙን ያቀጥነውና ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ብቻ፣ ደብተሯን ከፈተችና «አክስቴ፣ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ። ሁለተኛውን ነዋ፣ አልኳት። እየጻፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እማዬን ደስ የሚላትም እሱ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ነው የቀረሁት። የጻፈችው ትክክለኛውን ቁጥር ነው። ግን ትክክለኛ ስለሆነ ነው የጻፈችው፣ ወይስ ደስ ስለሚያሰኝ? የዚያን ቀን ሁለቱ ገጠሙ። እጇ ንጹሕ ሆኖ፣ ስትሪፑ ደህና ሆኖ፣ እውነተኛው 264 የሚሆንበት ቀን ይመጣላ! ያን ቀንስ?

ልጆች ቁጥር መቀየራቸው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ውጤት የሚያስቀምጡ መለኪያዎች ሲመጡ፣ ደብተሩ ላይ የተጻፈውና መለኪያው ያስቀመጠው ሳይገጥሙ ተገኙ። ከፍ ያሉት ቁጥሮች የሉም፤ ያልተለካ ቁጥር ተጽፏል። ደግሞ ልጆች ብቻ አልነበሩም፣ አዋቂዎችም ናቸው! እና ስለ ትክክለኛነት ስናወራ ስትሪፑ ላይ ብቻ መቆማችን... እርግጥ ስትሪፑም ነገር አለው። ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ፣ እርጥበት ወይም ሙቀት ካገኘው፣ ጊዜው ካለፈ ይስታል። ደህናውም ቢሆን አንዲት ነጥብ ላይ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የስኳር መለኪያዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 15197፣ ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር ጀምሮ ላለው፣ ከውጤቶቹ ቢያንስ 95 በመቶው ከላቦራቶሪው ውጤት በ15 በመቶ ውስጥ እንዲሆኑ ነው የሚጠይቀው። 131 ማለት በግምት ከ111 እስከ 151 ያለ ስፍራ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ቁጥር የልጅ ፊት ሲጠቁር የሚያመኝ!

ቁጥሩ ከፍ ሲል እናቷ የምትጠይቃት «ምን በልተሽ ነው?» የሚለው ጥያቄስ? ትኩሳትም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የጉርምስና ሆርሞንም፣ ጭንቀትም። ምንም ያልበላች ልጅ ምን ብላ ትመልስ?

አሁን ሴንሰር፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካው፣ ይደረግላት የምትሉኝ አላችሁ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። እሱም ቢሆን የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ፣ ስኳር ቶሎ ሲወጣና ሲወርድ በደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል። ደግሞ ቁጥሩ እናቷ ስልክ ላይ በየደቂቃው ሲወጣ... መደበቅ ይቀራል፣ አዎ። መፍራቱስ ይቀራል? እንጃ። ምናልባት ይቀልላት ይሆናል፤ መናገሩ ከእሷ ላይ ይወርዳል።

እህቴን ላናግራት አስባለሁ። ግን ምን ልበላት? ሌሊት ስኳሯ ወርዶ እንዳይሆን ብላ እየተነሣች የምትለካ እናት «ፊትሽን አትለዋውጪ» ትባላለች? የምትጠይቀው እኮ ፈርታ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ ብቻዋን ቀረች ማለት ነው። ቁጥሩ ሲወጣ መጀመሪያ «ለካሽ፣ ጎበዝ» ቢባልስ፣ ከዚያ ስለ ኢንሱሊኑ... ግን እሱም እኮ ለ131 ሲባልና ለ264 ሲባል ድምፃችን አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ ልጅ ወዲያው ነው የሚለየው፣ እና...