ጠንቋዮቹ «ግደል» አላሉትም

እንደምን አመሻችሁ!

ተዋንያኑ እየለበሱ ስለሆነ አላስረዝምባችሁም። ተናጋሪ እንዲህ ሲል አትመኑት ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ።

እኛ ሰፈር ልጅ ፈተና ሲወድቅም፣ ጎረቤት ሎተሪ ሲደርሰውም «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይባላል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰልንን የሼክስፒርን ቲያትር ማክቤዝን አይቶ የሚወጣ ሰውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይላል፦ «ምን ያድርግ? ተጽፎበታል።» እኔ እዚህ ላይ አልስማማም።

እስኪ የጠንቋዮቹን ቃል እንስማ። ማክቤዝ ከጦርነት ሲመለስ ሦስቱ መንገድ ላይ ጠበቁት። «የካውዶር ገዢ» ብለው ጠሩት። ኋላም ትነግሣለህ አሉት። በቃ። ንጉሥ ደንከንን ግደል ያለው የለም። የካውዶር ሹመት ደግሞ ወዲያው መጣለት፤ የንጉሡ መልእክተኞች እዚያው መንገድ ላይ ደርሰው አበሰሩት። ደጅ አልጠናም፣ ማንንም አልለመነም። እሱም ይህን ልብ ብሎ፣ ዕድል ሊያነግሠኝ ከፈለገ እኔ ሳልነቃነቅ ያንግሠኝ ብሎ ነበር። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ እኛም ዛሬ እዚህ ባልተሰበሰብን!

አጠገቡ የጦር ጓዱ ባንኮ ነበር። ለእሱም ልጆችህ ይነግሣሉ ተብሎለታል። ክፉ ሐሳብ እሱንም ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እሱ ግን አምላኩን ጠብቀኝ ብሎ ይለምናል እንጂ ማንንም አይገድልም። በነገራችን ላይ ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘበት ዜና መዋዕል ውስጥ ባንኮ የሴራው ተባባሪ ነው። ቲያትሩ የተጻፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1606 አካባቢ፣ ባንኮን አያቴ ይል በነበረው በእንግሊዙ ንጉሥ በጄምስ ዘመን ነው። የንጉሥን አያት ነፍሰ ገዳይ አድርጎ መድረክ ላይ ማውጣት ማን ይደፍራል?

ዛሬ በደንብ እንድታዩልኝ የምፈልገው የእራቱን ትዕይንት ነው። ደንከን በማክቤዝ ቤት እንግዳ ሆኖ እየበላ ነው። አሽከሮች ሳህን ይዘው ይተላለፋሉ። ማክቤዝ ከማዕድ ተነስቶ ወጥቶ ብቻውን ያወራል። ዘመዴ ነው፣ ጌታዬ ነው፣ እንግዳዬም ነው። ገዳይ ቢመጣ በሩን መዝጋት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እንዴት ራሴ ቢላ አነሳለሁ? የሚገፋኝ ምኞቴ ብቻ ነው ይላል። ሚስቱ ስትመጣም ነገሩ ይቅር፣ ከዚህ በላይ አንሄድም አላት። ከዚህ ቃል «ወስኛለሁ» እስከሚልበት ድረስ ያለው ሃምሳ መስመር አይሞላም። ወንድነቱን ነካችበት፣ አለቀ። እዚያ ቤት ውስጥ ጠንቋይ የለም።

ደንከንን ገድሎ ከነገሠ በኋላ የሚያደርገው ደግሞ ይገርማል። የራሱን ንግርት «ዕጣ ፈንታ» ያለ ሰው፣ የባንኮን ንግርት ለማክሸፍ ባንኮንና ልጁን የሚገድሉ ሰዎች ላከ። ባንኮ ሞተ፣ ልጁ ፍሊያንስ አመለጠ። ንግርት የማይቀር ከሆነ ገዳይ መላክ ምን ይባላል? የሚስማማውን «ተጽፏል» ይላል፣ የማይስማማውን በሰይፍ ሊፍቀው ይነሳል።

አንድ ነገር ልበልና ልውረድ። መጀመሪያ መንገድ ላይ የጠበቁት ጠንቋዮቹ ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ማንም አልጠራውም። በገዛ እግሩ ሄዶ በራቸውን ያንኳኳል። ማንኳኳቱን ስትሰሙ አስታውሱኝ።

አመሰግናለሁ።